«አትጨነቁ» አትበሉን

ፈተና በተቃረበ ቁጥር በግቢያችን ከሁሉ በላይ የሚነገረው ቃል «አትጨነቁ» ነው። መምህራን ጠዋት በሰልፍ ላይ ይሉታል፤ ወላጆች ማታ እራት ላይ ይደግሙታል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ የሚደውሉ ዘመዶችም ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ያክሉበታል። ሁሉም ከፍቅር የሚሉት ስለሆነ ክፉ ቃል ነው አንልም። እኛ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን የምንጨርስ ተማሪዎች ግን በዚህ የዓመት መጽሔታችን ላይ የምንጽፈው፣ ይህ ቃል ከመጪው ዓመት ጀምሮ ከትምህርት ቤታችን እንዲቀር ለመጠየቅ ነው። ጭንቀት ታዞ አይሄድም። ሂድ በተባለ ቁጥር ተደላድሎ የሚቀመጥ ነገር ነውና፣ መጥቷል ብሎ ተቀብሎት፣ እሱ ባለበት ሥራን መሥራት ይሻላል እንላለን።

አስተያየታችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ምክንያታችንን እናስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳትሞ ነበር። ተማሪዎችን ለየብቻ አስቀምጦ ለአምስት ደቂቃ ያህል በአእምሯቸው የመጣውን ሁሉ ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ፣ ስለ ነጭ ድብ ግን እንዳያስቡ ነገራቸው። ድቡ ከመጣባቸው ደወል እንዲደውሉ ታዘዙ። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ይበልጥ የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። እነዚሁ ተማሪዎች «አሁን ስለ ድቡ ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ተፈቅዶላቸው ከነበሩት ይልቅ አብዝተው አሰቡት። ናጋድ ላይ ድብ ቀርቶ ጥላ የሚጥል ዛፍም እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢሆንም ይህን አንቀጽ ያነበበ ሁሉ ነጩን ድብ ቢያንስ እስከ ማታ ይዞት እንደሚውል እርግጠኞች ነን።

ምክንያቱ ሲታሰብ ቀላል ነው። አእምሮ አንድ ነገር እንዳይገባበት ለመጠበቅ ያንኑ ነገር ሲፈልግ መዋል አለበት። ሌባ እንዲይዝ የተቀጠረ ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሌባ ብቻ እንደሚያስብ ማለት ነው። «መጨነቅ የለብኝም» ያለ ልጅም በየደቂቃው «አሁንስ ተጨንቄ ይሆን?» እያለ ራሱን ይፈትሻል። ልቡ ሲመታ ያገኘዋል፤ እጁ ሲያልበው ያየዋል። ከዚያ ስለ መጨነቁ ደግሞ መጨነቅ ይጀምራል። አንድ የነበረው ሸክም ሁለት ሆነ። ሁለተኛውን የጫነበት «አትጨነቅ» የሚለው ቃል ነው።

የመጀመሪያው ሸክም ብቻውን ሲሆን ግን ያን ያህል አስፈሪ አይደለም። በባዮሎጂ ክፍል እንደተማርነው ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል። ልብ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ መዳፍ ያልበዋል፣ አፍ ይደርቃል። ሆድ የሚላወሰው ለዚህ ነው። በሽታ አይደለም፤ ለሩጫ የተዘጋጀ አካል ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ነው።

ስለ ጉዳዩ ስንወያይ ከሁሉ በላይ ያስደነቀን የገዛ ቋንቋችን ነው። አማርኛ «ጨነቀኝ» ይላል፤ «በረደኝ»፣ «ሞቀኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ» በሚልበት አነጋገር። በእነዚህ ቃላት ሁሉ ሰውየው አድራጊ አይደለም፤ ነገሩ መጥቶበት ነው። «ፍርሃት ያዘኝ»፣ «ሐሳብ ገባኝ» ስንልም ያው ነው። የመጣብን ነገር ሌላ፣ እኛ ሌላ መሆናችንን ሰዋስዉ ራሱ ያውቃል። «አትጨነቅ» ግን ይህን ይገለብጠዋል፤ ጭንቀቱን ልጁ ሆን ብሎ የሚሠራው ሥራ ያደርገዋል። ሞቀኝ ላለ ሰው «አትሙቅ» የሚል የለም። ውሃ ይሰጡታል፣ ጥላ ያሳዩታል። ጨነቀኝ ላለ ልጅ ትእዛዝ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ «አይዞህ፣ አይዞሽ» የሚለውን ቃል ከክሳችን ማውጣት አለብን። አይዞህ ፍርሃቱን አይክድም። «የሚያስፈራ ነገር ገጥሞሃል፤ እኔም ከጎንህ አለሁ» የሚል መልእክት አለው። አያቶቻችን አልቃሽን፣ ወላድን፣ መንገደኛን በአንድ ላይ ያጽናኑበት ቃል ስለሆነ እሱ ይኑርልን።

የማይኑርልን ሌላ አነጋገር ግን አለ፤ «ሆድ ይፍጀው»። አንዳንድ ሰው «መቀበል ስትሉ አባቶቻችን ችለው ሆድ ይፍጀው ይሉት የነበረውን ነው» ሊለን ይችላል። አይደለም። ሆድ ይፍጀው ያለ ሰው የተሰማውን ውስጡ ቀብሮ በላዩ ላይ ይስቃል፤ ትግሉን አላቆመም፣ ከሰው ዓይን ሸሸገው እንጂ። በተለይ ወንዶች ልጆች ይህን ቶሎ ይማሩታል። ለመሸሸግ ደግሞ መሣሪያ ያስፈልጋል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል ስልክ፣ ሲነጋ የኃይል መጠጥ፣ ከፍ ያሉት ዘንድ ደግሞ ከቀትር በኋላ ጫት። ለጊዜው ያደነዝዛሉ፤ ያደነዘዙትን ግን ከነወለዱ ይመልሱታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውም የአባቶቻችን ቃል ነውና፣ ከሁለቱ ይህን እንመርጣለን።

«ተቀበል» ሲባል ብዙ ሰው «እጅ ስጥ» የተባለ ይመስለዋል። እኛ የያዝነው ትርጉም እንግዳ መቀበልን ነው። በየቤታችን ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ላይወደው ይችላል። ሆኖም በር ላይ ቆሞ «ለምን መጣህ?» ብሎ የሚከራከረው የለም፤ «ግባ» ይባላል፣ ጥግ ይሰጠዋል፣ ቡና ይቀርብለታል። ቤቱን ግን ማንም አያስረክበውም። እሱ ተቀምጦ እያለ ወጡ ይማሰላል፣ ሕፃኑ ይታጠባል፣ የቤት ሥራው ይሠራል። በረካው ሲጠጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። ባይሄድም ሥራው ተሠርቷል።

በናጋድ ለኖረ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሐምሌ ሲገባ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅና ሞቃት ነፋስ አቧራውን አዝሎ ሜዳውን ይጠርገዋል። ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣ ዘመድ ናጋድ ጣቢያ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው መዋጋት ነው። በቀን አራት ጊዜ ልብስ ይለውጣል፣ በየሰዓቱ ስልኩ ላይ ዲግሪውን ያያል፣ «ይህ እንዴት ይኖራል?» እያለ ይበሳጫል። በብስጭቱም ይበልጥ ይሞቀዋል። የአገሩ ሰው ግን ጠዋት በማለዳ ይነሣል፣ ሥራውን ከቀትር በፊት ይጨርሳል፣ ሱቁን ዘግቶ ይተኛል፣ አመሻሽ ላይ ይወጣል። ሽርጥ ይታጠቃል። ሙቀቱን አይወደውም፤ እናሸንፈዋለን ብሎም አያውቅም። ሙቀቱ ባለበት ግን ወደብ ሠርቷል፣ ባቡር አስገብቷል፣ ልጅ ድሯል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የቀድሞውን የባቡር ሐዲድ የዘረጉት ሠራተኞችም የጀመሩት በዚሁ ፀሐይ ሥር ነው።

የነፋስ ነገር ከተነሣ አንድ የቆየ ታሪክ እናንሣ። በግብጽ በረሃ ይኖሩ ከነበሩት አበው አንዱ፣ አባ ጴሜን፣ ዘንድ አንድ ወንድም መጥቶ ሐሳብ በዝቶብኛል፣ ልጠፋ ነው ይላቸዋል። አባ ጴሜን ወደ ውጭ አውጥተው ደረቱን ገልጦ ነፋሱን ይዞ እንዲያቆም ይነግሩታል። አልችልም ሲል፣ እንግዲያው ሐሳብም እንዳይመጣብህ ልታደርግ አትችልም፤ የአንተ ድርሻ ሲመጣ አለመከተል ነው ብለው መለሱለት። በእስልምናም በልብ የሚመላለስ ነገር በቃል እስካልተነገረ ወይም በሥራ እስካልዋለ ድረስ ሰው እንደማይጠየቅበት ነቢዩ ሙሐመድ ማስተማራቸውን የክፍል ጓደኞቻችን ነግረውናል። «ወስዋስ» የሚለውን ቃል የወሰድነውም ከዚያው ነው፤ መነሻው ሹክሹክታ ማለት ነው። ሹክ የሚል ድምፅ ደግሞ ስለተሰማ ብቻ አይታዘዙትም። በአንድ ዴስክ የምንቀመጥ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በዚህ ነገር ላይ ተስማምተን ማግኘታችን ደስ ብሎናል።

የዘመኑ ሳይንስም ዞሮ ዞሮ እዚያው ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በጭንቀት ውስጥ ላሉ ሰዎች ያዘጋጀው አንድ ትምህርት በሰሜን ዩጋንዳ ራይኖ ካምፕ በተባለው የስደተኞች ሰፈር ተሞክሯል። ተማሪዎቹ ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሴቶች ነበሩ፤ ሙከራው 694 ሴቶችን ያካተተ ሲሆን ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሐኪም አልመጣላቸውም። በጁባ ዐረብኛ የተቀረጸ ድምፅና በሥዕል የተሠራ መጽሐፍ ይዘው፣ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ አስተባባሪዎች እየመሩአቸው፣ በቡድን ሆነው አምስት ጊዜ ተሰበሰቡ። የተማሩትም ጭንቀትን ማባረር አልነበረም። ሐሳቡ ሲይዛቸው «ይኸው መጣ» ብለው በስሙ መጥራትን፣ እግራቸው መሬት መርገጡን ማስተዋልን፣ ለከባዱ ስሜት ውስጣቸው ቦታ መስጠትን፣ ከዚያም ለሚወዱትና ለሚያምኑበት ነገር እጃቸውን ማንቀሳቀስን ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ትምህርቱን ካላገኙት ሴቶች ይልቅ ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ተገኘ። ቤታቸው አልተመለሰላቸውም፤ የሞተባቸውም አልተነሣም። እነዚያ ሴቶች ከቻሉት፣ የሒሳብ ፈተና ያለበት ልጅ ቢሞክረው ምን ይጎዳዋል?

ይህን ስንል አንድ ከባድ ጥያቄ ሊቀርብብን እንደሚችል እናውቃለን፤ በክፍላችን ውስጥም ተነሥቶ ለሁለት ቀን አከራክሮናል። «በእውነት የሚያስጨንቅ ነገር እኮ አለ» የሚል ነው። አለ። ብዙዎቻችን የሹፌር፣ የትራንዚተር፣ የወደብ ሠራተኛ ልጆች ነን። አባት ከፒኬ 12 ተነሥቶ ጋላፊን አልፎ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ሲል ቤቱ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረንም። የመኖሪያ ወረቀት የሚታደስበት ወር ሲቃረብ ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ይላል። ናጋድም ቢሆን በዜና የሚነሣው በባቡር ጣቢያው ብቻ አይደለም፤ ያለ ወረቀት የተያዙ ስደተኞች ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት የሚቆዩበት ስፍራም እዚሁ ነው። ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ሊሄዱ የነበሩ ወገኖቻችን ናቸው፤ አንዳንዶቹ የእኛው እኩዮች። ለእነሱ «ጭንቀትህን ተቀበል» ብሎ መስበክ ነውር ነው። የሚያስፈልጋቸው ውሃ፣ ጫማ፣ የሚያናግራቸው የቆንስላ ሰው ነው።

መልሳችን ይህ ነው። የምንቀበለው ስሜቱን ነው፤ ሁኔታውን አይደለም። በእጅ ሊሠራ የሚችል ነገር ካለ ይሠራል። የአባት ስልክ ሲጠፋ ለባለ መኪናው ወይም ለትራንዚት ቢሮው ተደውሎ «ሚሌ ደርሷል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ፍርሃት አለ፤ ያንን ሃያ ጊዜ በመደወል ማጥፋት አይቻልም። እንዲያውም ፍርሃትን ሲዋጋ የሚውል ሰው ነው ሊሠራ የሚገባውን የሚረሳው። ወረቀቱን ማሰብ ስለሚያስጨንቀው ቀጠሮውን ያሳልፋል፤ መጽሐፉን ማየት ስለሚያስጨንቀው አይገልጠውም። ከጭንቀት የሸሸ ሰው አብሮ ከሥራውም ይሸሻል። በእኛ አስተያየት የጉዳዩ ዋና አደጋ ይህ ነው፤ ለጥናት ጊዜ አጥቶ የወደቀ ልጅ እንዳለ ሁሉ፣ ደብተሩን መክፈት ስለፈራ ብቻ የወደቀም አለ።

የፈተናው ፍርሃትም ቢሆን ከባዶ የመጣ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ማለት ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩን በየስልካችን አይተነዋል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ልቡ ባትመታ ነበር የሚያሳስበው። ስለዚህ «ምንም አይደለም፣ ታልፋላችሁ» ከምትሉን «ፈተናው ከባድ ነው፤ መፍራታችሁም ልክ ነው፤ ኑ፣ ይህን ምዕራፍ እንጨርሰው» ብትሉን እንመርጣለን።

የልብ መምታቱም ጠላት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄረሚ ጄሚሰንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይዘጋጁ ለነበሩ ተማሪዎች ከፊሎቹ በፈተና ሰዓት የሚሰማ መረበሽ ውጤትን ሊያሻሽል እንደሚችል አስቀድሞ ተነገራቸው። እነዚያ በሒሳቡ ክፍል ካልተነገራቸው የተሻለ ውጤት አመጡ። ስሜቱ አልጠፋላቸውም፤ ስሜቱን ያዩበት ዓይን ነው የተለወጠው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ባይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ፈተና ሊጀመር ሲል ለአሥር ደቂቃ ያህል ፍርሃታቸውን በወረቀት የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ እንደሠሩ ዘገቡ፤ ከተማሪዎቹ ውስጥ ባዮሎጂ የሚፈተኑ የ9ኛ ክፍል ልጆች ይገኙበታል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ሆኖም ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ያንን ውጤት አላገኙም፤ ይህንንም አብረን መናገር አለብን። ስለዚህ መጻፍ ማርክ ይጨምራል ብለን ቃል አንገባም። የምንወደው በሌላ ምክንያት ነው፤ «ሆድ ይፍጀው»ን ያስቀራል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ፍርሃት ቢያንስ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ይታያል።

ለታናናሾቻችን፣ በተለይ ለ8ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ የምንለው አጭር ነው። ጥያቄ ወረቀቱ ሲታደል ሆዳችሁ ይላወሳል። አትከራከሩት። «መጣህ? ተቀመጥ» በሉትና የሁለቱን እግራችሁን ውስጥ እግር ወለሉ ላይ አሳርፋችሁ ስማችሁን ጻፉ። «እወድቃለሁ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ «‹እወድቃለሁ› የሚል ሐሳብ መጣ» በሉት፤ ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፣ ሞክሯት። ከዚያ የምታውቁትን ጥያቄ ፈልጋችሁ ከእሱ ጀምሩ። ምናልባት እስከ መጨረሻው አብሯችሁ ይቀመጥ ይሆናል። ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ለተለመደው ጭንቀት ነው። ልጅ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከዘጋው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ከቤት መውጣት ካቃተው፣ ወይም መኖር አስጠላኝ ካለ፣ ያ ከምክርና ከመጽሔት ጽሑፍ በላይ ነው፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል ስሙ ሲጠራ የሚሳቅበት ዘመን ማብቃት ነበረበት። ጸበሉም ዱዓውም ሕክምናውን አይከለክሉም።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ ጨነቀኝ ሲላችሁ ቶሎ መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩሉ። «ምን ይሰማሃል? የት ላይ ነው የሚይዝሽ?» ብላችሁ ጠይቁና ትንሽ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የእናንተም ጭንቀት ካለ ንገሩን፤ አባት ሲፈራ ዓይቶ የማያውቅ ልጅ ሰው ሁሉ ደፋር፣ እሱ ብቻ ፈሪ ይመስለዋል። በትራንዚት ቢሮ ስትሠሩ አንድ ዲክላራሲዮን ተሳስቶ ዕቃ ወደብ ላይ ሲያድር የሚሰማችሁን እኮ እናያለን።

ለመምህራን፦ በየፈተናው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ስጡን። አንድ ቁራጭ ወረቀት ይታደል፣ ስም አይጻፍበት፣ የፈለገ የፈራውን ይጻፍ፣ ያልፈለገ ባዶውን ያጥፈው። ማንም አያነበውም፤ ማርክም የለውም። ከዚያ የጥያቄ ወረቀቱ ይታደል። ይህን ጥያቄ ለወላጅ መምህር ኅብረቱ በጽሑፍ ያስገባን ሲሆን፣ ወረቀቶቹ የሚጣሉባቸውን ሁለት ቅርጫቶችም ከክፍላችን መዋጮ ገዝተን ለርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስረክበናል።